መዶሻው ከጨረታው ይቅደም

ገበያ ወጥታ ማሰሮ የምትገዛ የቤት እመቤት ዕቃውን በጣቷ ሳታንኳኳ ሒሳብ አትከፍልም። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ትገዛዋለች፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን የቱንም ያህል ቢያምር መልሳ ታስቀምጠዋለች። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰባቸው የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎችም እስከ ዛሬ ድረስ የሚመረመሩት በመጀመሪያ ደረጃ በዚሁ ዘዴ ነው። ባለሙያው ኮንክሪቱን በመዶሻ ይመታል፣ ጆሮውን ሰጥቶም ያዳምጣል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮንክሪት የሚታመመው ከውስጥ ነው። ጨው ያዘለ ውኃ ቀስ በቀስ ሰርጎ ፌሮው ዘንድ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል። ዝገቱ ከብረቱ በእጥፍና ከዚያም በላይ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን እየገፋ ከውስጥ ያላቅቀዋል። ግድግዳው ግን ከውጭ ሲታይ ለዓመታት ደህና መስሎ ይቆያል።

በዓይን ብቻ ማየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ጃፓን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1999 በፉኩኦካ የባቡር ዋሻ ውስጥ 200 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የኮንክሪት ቁራጭ በፈጣን ባቡር ላይ ወደቀ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2012 የሳሳጎ የመኪና መንገድ ዋሻ የጣሪያ ሰሌዳዎች ተደርምሰው 9 ሰዎች ሲሞቱ ግን ዕድል አልረዳም። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርመራ ሰሌዳዎቹን የያዙት የላይኞቹ ቦልቶች በመዶሻ አልተመቱም ነበር። መንግሥት ዋሻዎችና ድልድዮች በየ5 ዓመቱ በቅርብ እንዲመረመሩ ያስገደደው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ለነጋዴው ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የኒውዮርኩ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የተከፈተው፣ ማንሃተንን ከብሩክሊን የሚያገናኘው የካናርሲ ዋሻ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በሳንዲ ማዕበል በጨው ውኃ ተጥለቀለቀ። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋው፣ የኤሌክትሪክ ገመዶችን በውስጡ ያቀፈው የኮንክሪት መደብ ተጎዳ። መደቡ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ፤ ሥራው በ477 ሚሊዮን ዶላር ለተቋራጭ ተሰጠ። በቀን 225 ሺህ ሰው ያልፍበት የነበረው ዋሻ ለ15 ወር ሊዘጋ ነው ሲባል ባለሱቁም አከራዩም ገበያው ሊቀዘቅዝ ነው ብሎ ሰጋ።

ሊዘጋ 4 ወር ያህል ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2019፣ የኮርኔልና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ዋሻውን ጎብኝተው ሌላ መንገድ አቀረቡ። ገመዶቹ ከመደቡ ወጥተው በግድግዳው ላይ ይሰቀሉ፣ ደካማው ክፍል በፋይበር በተጠናከረ ፖሊመር ይደገፍ፣ የቀረው በመሣሪያ ክትትል ይደረግበት የሚል ነው። ሥራው በሌሊትና በሳምንት መጨረሻ እየተከናወነ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 አለቀ። የግዛቲቱ አስተዳደር 100 ሚሊዮን ዶላር መትረፉን አስታወቀ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የተጠገነ መደብ እንደ አዲስ ዕድሜ ይኖረዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በጊዜው ተነሥቷል፤ ተገቢም ነበር። መልሱ የሚገኘው በየጊዜው ከሚደረገው ምርመራ ብቻ ነው። ምርመራው ከቆመ የተረፈው ገንዘብ ትርፍ ሳይሆን ለነገ የተላለፈ ዕዳ ይሆናል።

መሣሪያዎቹም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ጉድለት አላቸው። ራዳር ፌሮው የት እንዳለና ባዶ ቦታ መኖሩን ይጠቁማል እንጂ ዝገቱን በቀጥታ አይለካም። የኤሌክትሪክ ልኬት የዝገትን ዕድል ይናገራል፣ የተበላውን መጠን ግን አይነግርም። ሙቀት የሚለይ ካሜራ የሚያየው ለገጽታው የቀረበውን ጉዳት ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው መረጋገጥ፣ በመጨረሻም ከግድግዳው ናሙና ተቆርጦ መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈጃል፣ አገልግሎትም ያስተጓጉላል የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። እውነት ነው። ሆኖም ያልተመረመረ ግድግዳ የጥገና ዋጋ ግምት እንጂ ዋጋ አይደለም። ተቋራጩ ለማያውቀው አደጋ ሒሳቡ ላይ ይጨምራል፤ የመድን ድርጅቱም እንዲሁ። ክፍያው ዞሮ ዞሮ ከባለ ገንዘቡና ከተሳፋሪው ኪስ ነው የሚወጣው።

ነገሩ ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በፒያሳ አካባቢ ከመሬት በታች ያልፋል። ኮንክሪቱ ገና ወጣት ነው፤ የመጀመሪያው ልኬት ተወስዶ መመዝገብ ያለበትም በወጣትነቱ ነው፤ ያለዚያ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኘው ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸራል? በኮንክሪት ሕንፃ ላይ ገንዘቡን ያዋለ ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ኮንክሪት በሽታውን መደበቅ ተፈጥሮው ነው። የባለ ንብረቱ ድርሻ አንኳኩቶ መጠየቅ፣ የተገኘውንም ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ይፋ ማድረግ ነው።