አያ ጅቦና የቀበና ውኃ

ጅብ ከወንዙ ራስ፣ አህያ ከታች ሆነው ውኃ ሲጠጡ ጅቡ «አታደፍርስብኝ» አለው ይባላል። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው የአህያው መልስ ተረትና ምሳሌ ሆኖ ቀረ። የአዲስ አበባ ወንዞች መመረዝ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ አህያ ነው። ጣት የሚቀሰረው ቁልቁል፣ በወንዝ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ወደሚያለማው ገበሬ ነዋ።

ከላይ ያለነው ደግሞ እኛ የየካ ሰዎች ነን። ቀበና ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ሲነሳ ጥሩ ውኃ ነው። መንደር ውስጥ ሲገባ ግን የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ የአሮጌ ባትሪ አሲድ፣ የቀለም ቅሪትና የመኪና እጥበቱን ፍሳሽ ይቀበላል፤ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ የአስፋልቱን አቧራ ጠራርጎ ይጨምርበታል። በታች በኩል የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮምየም ሲለቁ መኖራቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ፋብሪካ አጥር አለው፣ ተቆጣጣሪ በሩን ያንኳኳል። የእኛ ቱቦ በር የለውም።

እዳሪ የበከለው ውኃ ሲፈላ ጀርሙ ይሞታል። ከጋራዡና ከቀለሙ ፍሳሽ ጋር የሚመጡት እርሳስና ካድሚየም ግን አይሞቱም፤ ውኃው በተነነ መጠን የቀረው እንዲያውም ይከማቻል። ቅጠልን አጥቦ መብላትም የላዩን አቧራ ከማስወገድ አያልፍም፤ ሥሩ የሳበውን ማን ያጥበዋል? እርሳስ ሰውነትን ካልሲየም ነኝ ብሎ ያታልላል፤ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይተኛና እናት ስታረግዝ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የልጅን አእምሮ የማይጎዳ የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም። ኩላሊት ውስጥ የገባው ካድሚየም ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። ታማሚው ሐኪም ቤት ሲደርስ የበላው ሰላጣ የተረሳ ነው። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ነው፤ ኮሌራ ቢሆን በሳምንቱ ይጮህ ነበር።

ጃፓኖች ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። በቶያማ የጂንዙ ወንዝ ከላይ ካለው የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ካድሚየም እያመጣ የሩዝ ማሳ ያጠጣ ነበር። አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች ከሕመሙ ብዛት «ኢታይ፣ ኢታይ» (አመመኝ፣ አመመኝ) ሲሉ በሽታው ስሙን ከጩኸታቸው ወሰደ። መንግሥት ምክንያቱ ብክለት ነው ብሎ ያመነው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያም ቢሆን ጥፋቱ የሩዝ ገበሬው አልነበረም።

በእኛም አገር ፍስሐ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ከሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች አንዳንዶቹ በአንዳንድ ብረቶች ከተፈቀደው መጠን ማለፋቸውን አሳይተዋል፤ ትንሹን የሚሰበስበው ጥቅል ጎመን ነበር። ጉሊት ላይ ሻጯን ብትጠይቋት ቆስጣው «የገጠር ነው» ትላለች። ምን ትበል? እሷም አልመረመረችው።

ሕግስ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የወንዝ ዳርቻዎችን የማስዋብ ሥራ ተጀምሯል። ሣሩና መንገዱ ያምራል፤ ምሽት ላይ የሚንሸራሸረውን ሕዝብ አይቼ ደስ ይለኛል። ብረት ግን የሚቀመጠው በደለሉ ውስጥ ነው፤ ከላይ የተተከለ አበባ አይነካውም። እኔ የምለው፣ ገበሬውን ከማሳው ከማባረር በፊት የየካ ጋራዦች ያገለገለ ዘይትና ባትሪ የሚያስረክቡበት ቦታ ይሰጣቸው፤ ደለሉም ከቀበና ድልድይ ጀምሮ በየዓመቱ ተመርምሮ ውጤቱ በግልጽ ይለጠፍ። ያን ጊዜ ማን እንዳደፈረሰ ይታወቃል።

ከእኛ የወረደው ሩቅ ሄዶ ይጠፋል የሚልም አለ። ቀበና ትልቁ አቃቂን፣ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። መተሐራንና አፋርን አጠጥቶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።