የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንወያየው በየቀኑ ወደ ቤታችን ስለምናስገባው ውኃ ነው። ጉዳዩ ተራ ቢመስልም ብዙዎቻችን የተቀጣንበት ነውና እስቲ እስከ መጨረሻው አብረን እንዝለቅ።

ከራሴ ልጀምር። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ እንኖር በነበረበት ጊዜ ለውኃ ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ ሲሆን ሁለተኛው ከገደሉ ሥር የሚፈልቅ ክፍት ምንጭ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ዝገት ዝገት ይላል፤ ሻይ ሲፈላበት ይጠቁራል፤ ነጭ ልብስ ሲታጠብበት ቡላ ይሆናል። የምንጩ ውኃ ግን እንደ መስታወት የጠራ፣ ጥርስ የሚያቀዘቅዝ፣ ለጉሮሮ የሚጥም ነው። እኔም ‹‹ልጆቼን ዝገት አላጠጣም!›› ብዬ ፓምፑን ትቼ ወደ ምንጩ መውረድ ጀመርኩ።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር የሁለት ዓመት ልጄን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። በሁለት ቀን ውስጥ ዐይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንኳ እንባ አልወጣ አለው። ጤና ጣቢያ አድርሰነው፣ ጌታ ይመስገን፣ ተረፈልን። በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልትጠይቀን መጣችና ‹‹እትዬ፣ ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው?›› አለችኝ። ‹‹ከምንጩ ነዋ! የጠራው እሱ አይደል?›› ስላት፣ ‹‹ከምንጩ በላይ ያለውንስ አይተዋል?›› ብላ ጠየቀችኝ።

ወጥቼ አየሁ። ከብት የሚያድርበት በረት አለ፤ ከዚያም ከፍ ብሎ ሰው የሚጸዳዳበት ቁጥቋጦ አለ። የሰኔ ጎርፍ ያን ሁሉ አጥቦ የሚያወርደው ወደዚያው ወደምወደው ምንጭ ነበር። ለካ ‹‹እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ›› የሚባለው እንዲህም ሆኖ ኖሯል!

ዐይንና ምላስ ይሳሳታሉ

ዐይን አፈርን ያያል፤ ምላስ ብረትን ይቀምሳል። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ግን አንዳቸውም አያውቋቸውም። የእኔን የጉድጓድ ውኃ ያበላሸው ብረት ነበር። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ0.3 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ሲኖር ጣዕሙ ይለወጣል፣ ልብስም ያበላሻል፤ ተቅማጥ ግን አያመጣም። መላም አለው። ውኃውን ከአንዱ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግሞ በመገልበጥ ከአየር ማገናኘት፣ ከድኖ ማሳደር፣ ጠዋት ዝቃጩን ሳይነኩ ከላይ ያለውን መቅዳት ነው።

የሚያሳስበው ነገር እንደየአገሩ ይለያያል። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ብዙ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል፤ ያንን ደግሞ ማፍላት አያስወግደውም። በእኛ በጎጃም ደጋ በቅድሚያ የሚያሰጋው ግን የሰውና የከብት ዐይነ ምድር ነው። ግሽ ዓባይ የሚፈልቅበት፣ ጨሞጋና ሙጋ ከጮቄ የሚወርዱበት አገር ሰው ውኃ መምረጥ የሚያስፈልገው አይመስለውም። ውኃ መብዛቱ ግን ንጹሕ መሆኑን አያሳይም። የኢያሪኮ ሰዎች ለነቢዩ ኤልሳዕ ያመለከቱት አቤቱታ ትዝ ይላችኋል? ከተማቸው ለኑሮ የተመቸች ነበረች፤ ውኃዋ ግን ክፉ ነበር። ነቢዩም በቀጥታ የሄደው ወደ ውኃው ምንጭ ነው። እኛም ምርመራችንን የምንጀምረው ከዚያ ነው።

የትኛውን እንምረጥ?

1ኛ. የቧንቧ ውኃ። ካላችሁ ቀዳሚው ምርጫ ነው። ሆኖም ተቋርጦ ሲመጣ የመጀመሪያውን ለእጥበት አውሉት፤ ከጠራም በኋላ ለመጠጥ የሚሆነውን አክሙት።

2ኛ. የጎለበተ ምንጭ። ዐይኑ በግንብ የተሸፈነ፣ ውኃው በቧንቧ የሚወጣ፣ ዙሪያው የታጠረ፣ ከበላዩም ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ የተቆፈረለት መሆኑን ተመልከቱ።

3ኛ. የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ። የሲሚንቶው ወለል ያልተሰነጠቀ፣ ዙሪያው ውኃ ያልቋጠረ ይሁን። መጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይም መሠራት የለበትም።

4ኛ. የጣራ ውኃ። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ይገኛል። በደብረ ማርቆስ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 40 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ቤት አንድ አምስተኛው እንኳ ቢባክንበት፣ የሚያጠራቅምበት ዕቃ ካለው፣ በዓመት 32,000 ሊትር ያህል ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ግን ጣራውን ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ የተጠራቀመውም ሳይታከም አይጠጣ።

5ኛ. ወንዝና ክፍት ምንጭ። እነዚህን ለልብስ አጠባና ለከብት ተዉአቸው። ንጹሑ ውኃ ሩቅ ከሆነ ሁሉንም ከዚያ መቅዳት ግድ አይደለም። አንድ ሰው ለመጠጥ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃዋልና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለስድስት ቤተሰብ መጠጥ ይሆናል።

የጎረቤታችሁንም እጅ ያዙ፤ ምንጭ ለብቻ አይጠበቅም። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1994 በአማራ ክልል የተጀመረው የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ኋላ ላይ የግንባታውን ገንዘብ ራሱ ነዋሪው በኮሚቴው አማካይነት እንዲያስተዳድር አድርጎ ነበር። የራሱ ያደረገውን ውኃ ሰው አጥሮ ይጠብቀዋልና።

ከምንጩ እስከ ኩባያው

ንጹሕ ውኃ በመንገድ ላይና በቤት ውስጥም ይበከላል። ጀሪካኑን አጥባችሁ ክደኑ፤ በእጅ የተያዘ ኩባያ ወደ ውስጥ አትንከሩ፤ አዘንብላችሁ ቅዱ። ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን ዕቃ ግን ብታጥቡትም ለውኃ አትጠቀሙበት።

ከተጠራጠራችሁ አክሙት። የደፈረሰውን አዝቅጡና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ከዚያም ቀደም ሲል ‹‹ውኃ አጋር›› በሚል ስም የታወቀውን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የምታፈሉ ከሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ሆኖም ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆዩት። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገጠር ቤተሰቦች ማዳረስ የጀመረችው የአሸዋ ማጣሪያም መልካም ነው፤ ከተጣራ በኋላ ክሎሪን ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

እኔ ወደ ፓምፑ ተመለስኩ። ማታ ገልብጬ አሳድራለሁ፣ ጠዋት ከላዩ እቀዳለሁ። ከዚያ ቀበሌ እስክንለቅ ድረስ ሻያችን ትንሽ እንደ ጠቆረ ነበር። ልጄ ግን አድጎ ዛሬ ራሱ ጀሪካን ተሸክሞ ውኃ የሚያመጣልኝ ጎረምሳ ሆኗል።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ውኃ ከምትቀዱበት ቦታ ከፍ ብላችሁ ውጡና ከበላዩ ምን እንዳለ በዐይናችሁ አይታችሁ ተመለሱ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። ቸር ሰንብቱ።