ደንበኛ ሳይሰናበት ለምን ይሄዳል?

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ለማዕድ ብቻ የተነገረ አይደለም። እንግዳ ወደ ቤት በመጣ ጊዜ ከቀረበለት ምግብ ይልቅ ባለቤቱ ያሳየውን ፊት አስታውሶ ይሄዳል ማለታቸው ነው። እኛም በዛሬው ዓምዳችን ይህ የቈየ ምክር በዘመናችን በር ላይ፤ ይኸውም በአነስተኛ ነጋዴዎች ድረ ገጽ ላይ፤ እንዴት እንደሚሠራ ከአንድ የቤተሰባችን ጉዳይ ተነሥተን ለማስረዳት እናስባለን።

አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙ ሹማምንት አንባቢዎቻችን አስቀድመን አንድ ቃል እንፍታ። «ድረ ገጽ» የተባለው ስም ድርና ገጽ ከተባሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። ድር ሸማኔ በቁመት የሚዘረጋው ክር ነው፤ በአግድም የሚገባው ክር ግን ማግ ይባላል። ሸረሪት የምታደራውም እንዲሁ ድር ነው። ገጽ ማለት ፊት ነው፤ የመጽሐፍም ቅጠል አንዱ ፊት ገጽ ይባላል። እንግዲህ ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ በዓለሙ ድር ላይ ፊቱን የገለጠ ሰው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ታላቅ አክስታችን የልጅ ልጃቸው ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለቤተ ዘመድ ሴቶች ስድስት ነጠላ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው፤ ለመግዛት አሰቡ። ጕልበታቸው ስለ ደከመ የሽሮ ሜዳን ዳገት መውጣት አልቻሉም። ስለዚህ ሙሽራዪቱ የአንድ አነስተኛ የሸማ ሱቅ ድረ ገጽ በስልካቸው ላይ ከፍታላቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። እኛም በዚያው ቀን ልንጠይቃቸው ሄደን ስለ ነበረ ከአጠገባቸው ተቀምጠን ሁኔታውን ተመለከትን።

መጀመሪያ ገጹ ባዶ ሆኖ ቈየ። ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይወርድ ጀመር። ነጠላዎቹ በታዩ ጊዜ ዋጋ አልነበራቸውም፤ በዋጋው ስፍራ «ይደውሉ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፏል። የስልኩ ቍጥር ግን በፎቶግራፉ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ በጣት ቢነኩት አይደውልም። አክስታችን ተስፋ ሳይቈርጡ የማዘዣውን ቅጽ ከፈቱ። ቅጹም «የቤተሰብ ስም» ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ እርሳቸው በቅንነት የአምስት ልጆቻቸውን ስም በተራ ጻፉ። ቀጥሎም የፖስታ መለያ ቍጥር ጠየቃቸው፤ ይህን ባዶ ተዉት። መጨረሻውን ሲነኩ «ስህተት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ የጻፉትም ሁሉ ጠፋ።

አክስታችን ስልኩን ጕልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ልጄ፤ ይህ የተማረ ሰው ነገር ነው፤ ለእኔ ብጤ አይሆንም» አሉን። ይህን የተናገሩት አርባ ዓመት ቤት ያስተዳደሩና የሰፈራቸውን ዕድር ሒሳብ አንዲት ሳንቲም ሳያጐድሉ የሚይዙ ሴት ናቸው። እኛን ያሳዘነን ነጠላው ሳይገዛ መቅረቱ ብቻ አይደለም። በሩ ተበላሽቶ ሳለ እንግዳዪቱ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ማድረጋቸው እጅግ ከበደን።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ ከሸማኔ አባት የተወለደ ትሑት ወጣት ነው። ስለ ገጹ ብንጠይቀው «ገጹን የሚከፍተው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያዝ ግን የለም። የእጅ ሥራ የሚፈልግ የጠፋ ይመስለኛል። እስከ መስቀል አይቼ እዘጋዋለሁ፤ አባቴም ሸማውን እንደ ቀድሞው በርካሽ ለአትራፊ ያስረክባል» ሲል መለሰልን። እኛም የአክስታችንን ታሪክ በዝርዝር ነገርነው። ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ ሸማዬን የጠላው የለማ!» አለ። በእውነትም የተጠላው በሩ እንጂ ሸማው አልነበረም።

በገበያ ውስጥ ያለ ነጋዴ ደንበኛው ፊቱን ሲያጨልም ያያል፤ ዋጋ ሲበዛበትም ይሰማል፤ ስለዚህ ወዲያውኑ ቃሉን ያለሰልሳል። በድረ ገጽ ግን ደንበኛው ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ለምን እንደ ሄደም አይናገርም። ስለሆነም የመጀመሪያው መድኃኒት ደንበኛውን በዓይን ማየት ነው። በዚህ ጥበብ የታወቀው ዴንማርካዊው ያኮብ ኒልሰን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2000 ባወጣው ጽሑፍ አምስት ሰዎች ብቻ አንድን ገጽ ቢፈትኑት ከጕድለቱ አብዛኛው ይገለጣል ሲል አስረድቷል። የእርሱ ስሌት 85 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ስሌቱ ለሁሉም ገጽ እኩል ባይሠራም ለአነስተኛ ሱቅ መነሻ ለመሆን ይበቃል።

ይህንኑ ለወጣቱ ነግረን አምስት ሰዎች ሰበሰብን፤ አክስታችን፣ አንድ የታክሲ ነጂ፣ አንዲት ተማሪ፣ የሱቁ ጎረቤትና አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው «አንድ ነጠላ እዘዙ» ከማለት በቀር ምንም አልነገርናቸውም። ባለሱቁ ከጀርባቸው ቆሞ እንዲያይ፤ ነገር ግን አንድም ቃል እንዳይናገር ተስማማን። ከሥራው ሁሉ ዝም ማለቱ ከበደው። እጁን እየዘረጋ «እዚያ ጋ!» ሊል ሲቃጣ እኛ እናቆመው ነበር፤ ምክንያቱም ደንበኛው በቤቱ ብቻውን ሲሆን ባለሱቁ ከጀርባው አይቆምም። ከአምስቱ ማዘዝ የቻለችው ተማሪዋ ብቻ ስትሆን እርስዋም ሦስት ጊዜ ሞክራ ነው። ከዚህ ፈተና ያገኘነውን ትምህርት ቀጥለን እንዘረዝራለን።

አንደኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት የጊዜ ወሰኖችን አመልክቷል። መልስ በ0.1 ሰከንድ ቢመጣ ሰው ወዲያውኑ እንደ ሆነ ይቈጥረዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ ቢዘገይ ሐሳቡ አይቋረጥም፤ ከ10 ሰከንድ ቢያልፍ ግን ልቡ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ጉግል የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2020 ባስታወቀው መመዘኛ የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ መልካም ይለዋል። የወጣቱን ገጽ ያዘገየው ፎቶግራፉ ነበር። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ ለስልክ መስተዋት ግን ጥቂት መቶ ኪሎባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ደንበኛውም የኢንተርኔቱን ዋጋ ከኪሱ የሚከፍል ስለሆነ ከባድ ፎቶግራፍ መጫን እንግዳን የመግቢያ ገንዘብ እንደ ማስከፈል ነው።

ሁለተኛው ዋጋን መግለጥ ነው። ወጣቱ ዋጋውን የሸሸገው ተወዳዳሪዎቹ እንዳያዩበት ነበር። ይሁን እንጂ ከተወዳዳሪው ሲሸሽግ ከደንበኛውም ሸሸገ። ባይማርድ የተባለው የዴንማርክ የምርምር ተቋም በተደጋጋሚ ባደረገው ጥናት ገዢዎች የጀመሩትን ግዢ ከሚተዉባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው በመጨረሻ የሚጨመር ወጪ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ የነጠላው ዋጋ ከነጠላው ሥር፤ የማድረሻውም ዋጋ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው የቅጹ ነገር ነው። ንድፉ ከውጭ አገር የመጣ ስለሆነ የሰዎችን ስም በእነዚያው አገሮች ልማድ ይጠይቅ ነበር። በእኛ አገር ግን ሰው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በልማድ የለውም። እንደዚሁም የአዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው በመንገድ ቍጥር ሳይሆን «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፤ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ» በማለት ነው። ስለዚህ በፖስታ መለያው ፈንታ «የቤትዎ ምልክት» የሚል ሰፊ ስፍራ ተደረገ። ከዐሥራ አንዱ ጥያቄ ሰባቱ ተሰርዘው ስም፣ ስልክ፣ የቤት ምልክትና የነጠላው ብዛት ብቻ ቀሩ። ይህ ለደንበኛው ምቾት ብቻ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ኀላፊነት እንዳለበት ስለሚያስገነዝብ የማያስፈልገውን አለመጠየቅ ከሁሉ የሚቀል ጥንቃቄ ነው።

አራተኛው ሰዓትና ቀን ነው። ገጹ «ከ3 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው» ይል ነበር። አዲስ አበቤው ከጧቱ 3 ሰዓት መሆኑን ያውቃል፤ በውጭ አገር የኖረው ግን በስድስት ሰዓት ልዩነት ሊሳሳት ይችላል። የቀን መምረጫውም ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለ ነበረው ለጳጕሜ የሚያዝ ሰው ስፍራ አያገኝም። እንግዲህ «ከጧቱ 3 ሰዓት» ብሎ ጧትነቱን መጨመርና ለዐሥራ ሦስተኛው ወር ስፍራ መስጠት ትንሽ ሥራ ሆኖ ሳለ ትልቅ ቅሬታ ያስቀራል።

አምስተኛው ፊደላችን ነው፤ ይህም ለተማሪ ሹማምንት አንባቢዎቻችን በተለይ ይጠቅማል። ሠና ሰ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐ፣ እንዲሁም ሀ፣ ሐና ኀ በዛሬው አማርኛ አነጋገር ድምፃቸው አንድ ነው። የሱቁ መፈለጊያ ግን እንደ ልዩ ልዩ ፊደል ስለሚቈጥራቸው «ሐር» ብሎ የተጻፈውን «ሀር» ብሎ የሚፈልግ ሰው «አልተገኘም» ይባላል። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ የለም እንደ ማለት ነው። መድኃኒቱ መፈለጊያው ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቈጥር ማዘዝ ነው። እንደዚሁም የዋጋውን ዝርዝር በሥዕል አድርጎ መለጠፍ ዛሬ ምክንያት የለውም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ ማንኛውም አዲስ ስልክ ያነበዋል፤ በሥዕል የተጻፈውን ግን መፈለጊያ አያገኘውም፤ ለዐይነ ስውር የሚያነበውም መሣሪያ አይረዳውም።

ስድስተኛው ለዓይን መራራት ነው። ገጹ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል ነበረው፤ ለወጣቱ ያማረ ቢመስለውም ጡረተኛው መምህር መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። የዓለሙን ድር መመዘኛ የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ድርጅት የተራ ጽሑፍ ፊደልና የመደቡ የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይመክራል። ሸማኔ ጥለቱን ከነጩ ለይቶ የሚያደምቀው እንዲታይ አይደለምን?

ሰባተኛውና የመጨረሻው የአነጋገር ትሕትና ነው። «ስህተት» ብሎ መጮህ እንግዳን መገሠጽ ነው። በስፍራው «የስልክ ቍጥርዎ አንድ አኃዝ ጐድሎታል፤ እባክዎ ይመልከቱት» ተብሎ ተጻፈ፤ አስቀድሞ የተሞላውም እንዳይጠፋ ተደረገ።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በቴሌግራም መሸጥ አይበቃምን?» ይለን ይሆናል። ለብዙ አነስተኛ ሱቆች በእርግጥ ይበቃል፤ እኛም አንከራከርም። ነገር ግን በዚያም ቢሆን ዋጋውን መሸሸግ፣ ፎቶግራፉን ማክበድና መልስ ማዘግየት ያው ጕድለት ነው። በሩ ቢለዋወጥም አቀባበሉ አንድ ነው። ደግሞም አቀባበል ብቻውን ክፉ ሸማን አይሸጥም፤ የላላ ድር በመልካም ገጽ አይጠብቅም።

ሥራው ዐሥር ቀን ያህል ወሰደ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለአክስታችን ሰጥተን እኛ ራቅ ብለን ተቀመጥን። መነጽራቸውን አድርገው፤ ጣታቸውን እያራመዱ፤ ስድስቱን ነጠላ መረጡ፤ ገንዘቡንም በቴሌብር ከፈሉ። ወጣቱ ወዲያውኑ ደውሎ «እማማ፤ ትእዛዝዎ ደርሶኛል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አመጣልዎታለሁ» አላቸው። እርሳቸውም ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ዞሩና «ለካስ ሞኝ አልነበርኩም» አሉ። ከነጠላዎቹ ይልቅ በዚህ ቃል ደስ አለን። ወጣቱም ገጹን እስከ መስቀል የሚለውን ቀጠሮ ትቶታል።

ክቡራን ሹማምንት ሆይ፤ እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ በር አላችሁ፤ ቅጽም ታስሞላላችሁ። ባለጉዳይ ቅጹን ሞልቶ ሲሳሳት ከመቈጣታችሁ በፊት ቅጹን አንድ ጊዜ ራሳችሁ እንድትሞሉት፤ ቀጥሎም አንዲት እናት ሲሞሉት ከጀርባቸው ቆማችሁ ዝም ብላችሁ እንድታዩ እንለምናለን። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከሰውየው ይሁን ከበሩ በግልጥ ይታወቃል።