አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

ነርስ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ታውቁታላችሁ። ልጅት አንበሳሜ ወይም ደብረ ታቦር የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ጠዋት ቤት ትገባለች። ነጠላዋን ሳታወርድ ማጅራቷን በእጇ ትይዛለች። «ምን ሆንሽ?» ስትባል «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ትላለች። ከሦስት ወር በፊትም ያለችው ይህንኑ ነበር። እናት ቅባት ያሞቃሉ፣ አያት «ወጌሻ ይይልሽ» ይላሉ፣ እሷ ደግሞ ማስታገሻ ክኒን ውጣ ትተኛለች።

ከሦስት ወር በላይ የቆየ የአንገት ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። ነርሶችን የሚያጠቃው ያለ ምክንያት አይደለም። ደም ሥር ሲፈልጉ፣ ቁስል ሲያጥቡ፣ ካርድ ላይ ሲጽፉ አንገታቸው ደፋ እንዳለ ነው። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንድ አሜሪካዊ የአከርካሪ ሐኪም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ አንገት 60 ዲግሪ ሲደፋ የሚያርፍበት ጫና ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል፤ ከሩብ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ ታማሚ ማገላበጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት አለ። የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ትከሻውን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ትንፋሹም ያጥራል። ጡንቻው ሌሊቱን ሙሉ እንደተወጠረ ያድራል።

ስለዚህ ሕክምናው ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንዱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እጅ ነው። ባለሙያው መርምሮ የደረቀውን መገጣጠሚያ በዝግታ ያንቀሳቅሳል፣ የተቋጠረውን ጡንቻ ያፍታታል። ይህ ሕመሙን ያቀልላል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው የራሷ የልጅቱ እጅ ነው፤ ትንፋሽንና ሐሳብን ከሰውነት ጋር የሚያስተባብር፣ እንደ ዮጋና ታይቺ ያለ ረጋ ያለ እንቅስቃሴ። የመጀመሪያው በሩን ይከፍታል፣ ሁለተኛው በሩ መልሶ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ቤት ውስጥ በርጩማ ይበቃል። ቀና ብላ ትቀመጥ፣ እግሮቿ መሬት ይርገጡ። እስከ አራት እየቆጠረች በአፍንጫዋ አየር ታስገባ፣ እስከ ስድስት እየቆጠረች ታስወጣ፤ ስታስወጣ ትከሻዋን ዘና ታድርግ። ቀጥሎ ሳታቀረቅር አገጯን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ለአምስት ሰከንድ ትያዝ፤ አሥር ጊዜ ትድገመው። ከዚያ አንገቷን በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ታዙር፣ መጨረሻ ላይ ትከሻዎቿን ወደ ኋላ ጨመቅ አድርጋ ትልቀቅ። በቀን አሥር ደቂቃ ነው። ለውጡ ግን የሚታየው ሳምንታት ሲቆይ ነውና ትዕግሥት ይጠይቃል። ካዞራት ወይም እጇን ከነዘራት ታቁም።

ለወጌሻ ያለን ክብር እንዳለ ሆኖ፣ አንገትን ድንገት ጠምዝዞ «ቋ» ማድረግ ግን ይቅር። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች በአንገት አጥንቶች ውስጥ ያልፋሉ። አልፎ አልፎም ቢሆን ተሰንጥቀው ስትሮክ ሊያስከትሉ ይችላሉ። እንደ ዲክሎፌናክ ያለ ማስታገሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

እጅ ከደከመ ወይም ዕቃ ከጣለ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ፣ ሽንት ካመለጠ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከታየ፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅና ከመኪና አደጋ በኋላ ከጀመረ፣ ስፖርቱ ይቆይና ሐኪም ቤት ይቅደም። በሌላው ጊዜ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ተቋም የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ፊዚዮቴራፒ የት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ ሆስፒታሉም አገልግሎቱን ይሰጣል።

የቀረው የእኛ የቤተሰብ ድርሻ ነው። ተረኛ አድራ የመጣችን ልጅ በር ላይ ሕፃን አናስታቅፋት። የዚያን ቀን ጄሪካኑን ሌላ ሰው ይሸከም፣ ምጣዱም ይቆይ። «አሥር ደቂቃሽን ጨርሺ፣ ልጁን እኔ እይዘዋለሁ» የሚል አያት ያላት ነርስ፣ ግማሹን ሕክምና ቤቷ አገኘች ማለት ነው።