ሥርዓተ ትምህርት በማን ይመሰከራል? ከቤተልሔምና ከዙር አባ የምንማረው

ሥርዓተ ትምህርት በወረቀት ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ ሥርዓት አይባልም። ምን ይማሩ? በምን ቅደም ተከተል? ማን ያስተምር? መማራቸውስ በማን ይመስከር? የሚሉትን ጥያቄዎች በተግባር ሲመልስ ነው ስሙ የሚገባው። ሀገራችንን በቅርብ ዓመታት ያስደነገጣት ነገር የመጣው ከአራተኛው ጥያቄ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የ2015 ዓ.ም. ውጤት 3.2፣ የ2016 ዓ.ም. 5.4፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ አልደከሙም። ፈተናው ከለመዱት ቦታ ወጥቶ ኩረጃ ሲጠብ፣ ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረው ተገለጠ እንጂ። ከክፍል ወደ ክፍል ያሻገራቸው ውጤት ዕውቀታቸውን አልመዘነም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለግብረ ገብና ለሀገር በቀል ዕውቀት ቦታ መስጠቱ ያስመሰግነዋል። ሆኖም የመጽሐፍ መለወጥ ብቻውን ምዘናን አያቀናም።

ለዚህ ጥያቄ ልምድ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በፎገራ ሜዳ ያለችው ወረታ የመንገዶች መገናኛ ናት። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጥንታዊው ጣራ ገዳም ባለበት በአዲስ ዘመን በኩል ያልፋል፤ ወደ ወልድያ የሚወስደው ደግሞ ደብረ ታቦርን አልፎ ጋይንት ይገባል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው።

የአብነት ትምህርት በቃል ስለሚሰጥ ሥርዓተ ትምህርት የለውም የሚሉ አሉ። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። ሕፃኑ በንባብ ቤት ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን ይዞ እስከ ዳዊት ይዘልቃል። በዜማ ቤት ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉንና ድጓውን፣ በቅኔ ቤት ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ያለውን መንገድ፣ በመጻሕፍት ቤት ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ይማራል። ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረው የዓመቱ ማለቅ ሳይሆን የያዘውን ማወቁ ነው። አንዱ በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በአምስት ዓመት ቢጨርሰው ነውር የለበትም፤ ሳያውቁ ማለፍ ግን አይፈቀድም።

ከሁሉ የሚልቀው የማስመስከር ሥርዓት ነው። በጎጃም ወይም በወሎ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር የድጓ መምህር ለመባል የገዛ መምህሩ ቃል ብቻ አይበቃውም። ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ቤተልሔም ወርዶ፣ በዚያ ባለው ጉባኤ ፊት ያዜማል፤ ይታረማል፤ ሲበቃም ይመሰከርለታል። ያስተማረው አንድ፣ የሚመሰክረው ሌላ ነው። ከተለያየ አውራጃ የመጡ መምህራን በአንድ ማሕሌት ቆመው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሳይለያዩ ማድረሳቸው የዚህ ምዘና ፍሬ ነው።

ይህን ስንል ግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። መንገዱ ያለው በየኔታ ልብ ውስጥ ስለሆነ፣ እርሳቸው ሲያርፉ ወይም ሲፈናቀሉ ወንበሩ ይታጠፋል። ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚዛወር ተማሪም የደረሰበትን የሚያሳይ ጽሑፍ በእጁ የለውም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ በሕፃኑ ላይ የሚጣለው ምርጫ ነው። ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ የሚማረው ልጅ ከመደበኛው ትምህርት ይርቃል፤ በመደበኛው ያለው ደግሞ ዳዊት ሳይደግም ያድጋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን በመዝጋቱ፣ ከሁለቱም የተለዩ ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። በእግሩ ተጉዞ ለሚማር ደቀ መዝሙር የመንገድ ሰላም የትምህርቱ አካል ነውና።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይገባታል። አንደኛ፣ የየጉባኤ ቤቱ የትምህርት ቅደም ተከተልና የማስመስከሪያው መስፈርት በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ጸሐፊዎቹም ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩት መምህራን ራሳቸው ይሁኑ። በ1966 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የተባለው ጥናት መምህራንንና ወላጆችን ሳያሳምን በመቅረቡ ተቃውሞ ገጥሞት መቅረቱን መዘንጋት አይገባም። ባለቤቱ ያልመከረበት ሥርዓት አይጸናም። ሁለተኛ፣ ደቀ መዝሙሩ የደረሰበትን የሚገልጽና በመምህሩ የተፈረመ መዝገብ ይኑረው፤ ጉባኤው ቢበተን እንኳ ከፊደል እንዳይጀምር። ሦስተኛ፣ አህጉረ ስብከት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተነጋግረው በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ግማሹን ቀን በየኔታ ዘንድ የሚውሉበትን ሰዓት ያመቻቹ።

ይኸው ሚዛን ለሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም ያስፈልጋል። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ልጆች ተመዘገቡ ብሎ መዘገብ ምዘና አይደለም። ውዳሴ ማርያም ይደግማሉን? ቅዳሴውን ይቀበላሉን? የእምነታቸውን ምሥጢር ለሚጠይቃቸው ይመልሳሉን? ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን የሰማውን ትምህርት ለሌሎች ማስተማር ለሚችሉ ታማኝ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ አዝዞታል (2ኛ ጢሞ. 2፥2)። አደራ ተቀባዩ ማስተማር መቻሉ ሳይረጋገጥ የሚሰጥ አደራ ደግሞ መጣል ነው።

ከምእመናን የሚጠበቀውም ቀላል ነው፤ ከባድም ነው። ቆሎ ከመዘገን አልፈን፣ በአጥቢያችን ያሉት የኔታ ቀለብና ልብስ እንዳያጡ፣ ልጃችንም ዛሬ ምን ቀጸለ ብለን ለመጠየቅ እንትጋ። መምህሩ ከተራበ፣ የቱንም ያህል የተዋበ ሥርዓተ ትምህርት ቢጻፍ ወንበሩ ባዶ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።