ቃሉ ኒውዮርክ፣ ኳስ ሜዳው ጊንጪ



ዓለም ስለ «ዘላቂ ልማት» መምከር ከጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። በ1984 ዓ.ም. ሪዮ፣ በ1994 ጆሃንስበርግ፣ በ2004 ዳግም ሪዮ ተሰበሰበ። ሁሉም ከንቱ ቀረ አንልም። በሚሊኒየሙ የልማት ግቦች ዘመን ሀገራችን ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የሞት መጠን በሁለት ሦስተኛ ቀንሳ ግቡን ከቀነ ገደቡ አስቀድማ መታለች። ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ነው፤ ለእነሱ ምስጋና ይገባል።

መሬትና ደን ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሐምሌ 2007 የልማት ፋይናንስ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። በመስከረም 2008 ደግሞ 17ቱ ግቦች ኒውዮርክ ላይ ጸደቁ፤ መንግሥታችንም ተቀበለ። ግብ 11 ሕዝብ በከተማው ፕላን ይሳተፍ፣ አረንጓዴ የጋራ ቦታም ይኑረው ይላል። ግብ 15 የደን ጭፍጨፋ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ይቁም ይላል።

ቃሉ በተገባ በሁለት ወር ውስጥ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። የጭሊሞ ደንና የከተማው ኳስ ሜዳ ለባለሀብት ተላለፉ ብለው ነው። (ሜዳ ያጣ ወጣት የት ይዋል? ጫት ቤት?) የጠየቁት ያንኑ ግብ 11 እና ግብ 15 ነበር። ተቃውሞው በኦሮሚያ ሲዛመት የተሰጠው ምላሽ ጥይት ሆነ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2008 ባወጣው ሪፖርት ከ400 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። አምቦ በ2006 የተቃወመችው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላንም የተተወው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በጥር 2008 ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ግቦቹ አስገዳጅ አይደሉም። አፈጻጸማቸውን ለተባበሩት መንግሥታት የሚያቀርበውም መንግሥት ራሱ ነው፤ በ2009 እና በ2014 ዓ.ም. አቅርቧል። ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሲሆን ማን ይወድቃል?

ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ እንዲህ ያለው ሪፖርት ኒውዮርክ ከመድረሱ በፊት በየከተማው አዳራሽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይነበባል፤ ነዋሪውም የማይስማማበትን ያስመዘግባል። ደን፣ ኳስ ሜዳና የግጦሽ መሬት ነዋሪው በይፋ ሳይመክርበትና ሳይስማማ ለማንም አይተላለፍም። የከተማ ፕላን ካርታ በየቀበሌው ይለጠፋል።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤን ታስተናግዳለች። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት የየከተማው የጋራ መሬት ዝርዝር፣ ለማን እንደተላለፈና በማን ፊርማ እንደተላለፈ፣ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን እንጠይቃለን። ከጊንጪ ይጀመር።