ክዳን መምረግ ሽታውን ይደብቃል እንጂ ቱቦውን አያድንም!

አዲስ በተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሄድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ድንገት አፍንጫውን ይይዛል። ንጣፉ ያብረቀርቃል፣ አበባው ተተክሏል፣ መብራቱ ደምቋል፤ ከማንሆሉ ክዳን ዙሪያ ግን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አቤቱታ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታሰበው ክዳኑን ዙሪያውን በሲሚንቶ መምረግ ነው። ሽታው ከዚያ ቦታ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ማንሆል ዝቅ ብሎ ብቅ ይላል። ሽታ ሁሉ ምንጩ አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ በድብቅ ከጎርፍ መውረጃ ጋር የተገናኘ ሽንት ቤትም አለ። እሱ የደንብ ማስከበር ሥራ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም። የምንናገረው በሕጋዊው የፍሳሽ መስመር ውስጥ ስላለው ሽታ ነው፤ እሱ የቱቦው መበላት ምልክት ነው።

ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ሲዘገይ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ያኔ በቱቦው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዝልግልግ ነገር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በውኃው ያለውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል። ፍሳሹ ከከፍታ ሲወድቅና ሲናወጥ ደግሞ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። አፍንጫችን የሚያውቀው እስከዚህ ያለውን ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ጋዙ ከፍሳሹ በላይ ባለው እርጥብ የቱቦ ጣሪያ ላይ ያርፋል፤ እዚያ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ማለትም በመኪና ባትሪ ውስጥ ወዳለው አሲድ፣ ይቀይሩታል። ይህን የባክቴሪያ ሥራ አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ፓርከር ሜልቦርን ላይ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው፤ አዲስ ምስጢር አይደለም። አዲስ ኮንክሪት ፒኤቹ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነት መብዛቱን የሚያሳየው መለኪያ) ከ12 በላይ ነው፤ አሲዱ የያዘው ገጽ ግን እስከ 2፣ አንዳንዴም እስከ 1 ይወርዳል። ሲሚንቶው ጄሶ ሆኖ በጣት ይፋቃል። ፍሳሹ የሚነካው የታችኛው ክፍል ደህና ሆኖ ሳለ ጣሪያው ያልቃል፤ በላዩ የሚመላለሰው ሰው የሚያውቀው አስፋልቱ ሲሰምጥ ነው።

ክዳን መምረግን የምንቃወመው ለዚህ ነው። መውጫ ያጣ ጋዝ እዚያው ተጠራቅሞ የአሲዱን ምግብ ያበዛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ለሠራተኛውም ቢሆን አደጋው ይብሳል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ማንሆሉ ሥር ይተኛል፤ መጠኑ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ ሰው ሞት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ዕድለኛም ዕድለ ቢስም ናት። ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የሚወርደው ተዳፋት ፍሳሹን ያስሮጠዋል፤ አየሩም ቀዝቃዛ በመሆኑ ባክቴሪያዎቹ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ያህል አይባዙም። በሌላ በኩል ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቱቦው ውስጥ የሚሄደው ጥቂትና ወፍራም ፍሳሽ ነው፤ ደለሉ ይቀመጣል፣ ዝልግልጉ ይወፍራል። የኮንክሪታችን ጠጠር ደግሞ ባዛልት፣ ማለትም ጥቁር ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ጠጠር አሲዱን እየተጋፈጠ ራሱን ሲሰዋ ባዛልቱ ዝም ብሎ ያያል፤ ሲሚንቶው ተበልቶ ሲያልቅ ጠጠሩ ይረግፋል። ፕላስቲክ ቱቦ ቢዘረጋም እንኳ ማንሆሉ ኮንክሪት ከሆነ ችግሩ ወደዚያ ይዞራል።

ሰልፌቱስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በኩዊንስላንድ ደቡብ ምሥራቅ በፍሳሽ ውስጥ ካለው ሰልፌት ግማሽ ያህሉ የመጠጥ ውኃ ለማጣራት ከሚጨመረው አልሙኒየም ሰልፌት እንደሚመጣ አሳይቷል። እኛም የለገዳዲን ግድብ ውኃ የምናጠራው በአልሙኒየም ሰልፌት ነው፤ አዋሽ መልካሳ ላይ ለዚሁ የተሠራ ፋብሪካ አለን። ፋብሪካው ይዘጋ አላልንም። ነገር ግን ውኃውን የሚያጠራውና ፍሳሹን የሚያነሣው አንድ መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ፣ በአንድ በኩል የሚጨምረው ነገር በሌላ በኩል ምን እንደሚያደርግ ሊመረምር የሚገባው ራሱ ነው።

መድኃኒቱ አለ። ፍሳሹ ውስጥ አየር ወይም ናይትሬት መጨመር፣ ሰልፋይዱን በብረት ጨው ማሰር፣ የሚወጣውን አየር በከሰል ማጣሪያ ማሳለፍ ይቻላል። ሎስ አንጀለስ በትልልቅ ቱቦዎቿ ጣሪያ ላይ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ትረጫለች፤ ለጨጓራ ቃር የሚወሰደው ነጭ ፈሳሽ ነው፣ አሲድን የሚያበርደው ያው ነው። የትኛው ለየትኛው መስመር እንደሚሆን መወሰን የሚቻለው ግን ጋዙ ከተለካ በኋላ ነው።

የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ መስፋፋቱን እናደንቃለን። ነገር ግን በማጣሪያ ጣቢያ ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰች ከተማ ፍሳሹን ወደዚያ የሚያደርሰው ቱቦ ከውስጥ ሲበላ ቁጭ ብላ ማየት አትችልም። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ፍሳሹን በፓምፕ በሚገፉ ጣቢያዎች መውጫና ፍሳሹ ከከፍታ በሚወድቅባቸው ማንሆሎች የጋዝ መለኪያ ያስቀምጥ፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ያሳውቅ። ከእንግዲህ የሚሠራ ዋና የኮንክሪት መስመርና ማንሆል ከውስጥ አሲድ በማይነካው ፕላስቲክ ሳይለበጥ ርክክብ አይደረግ። የኮሪደር ልማቱ ንጣፍ ከመነጠፉ በፊት ከሥሩ ያለው ቱቦ በካሜራ ይታይ፤ ዛሬ ያልታየ ቱቦ ነገ ንጣፉን አስነሥቶ ያስቆፍራል። ያለ ጋዝ መለኪያና ያለ ማውጫ ገመድ ማንም ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛም ይሁን የኮንትራክተር፣ ማንሆል አይውረድ። ይህ በጀት እስኪፈቀድ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም።

ክዳን በሲሚንቶ መምረጉም ከዛሬ ጀምሮ ይቁም!